ሰፊ ጥይት ሁሉ ብርቱ አይደለም
ራሱን ለሚያጎርስ የአደን ጠመንጃ ጥይት ስለ መምረጥ

ሁርሊንግሃም በናይሮቢ ከተማ በስተ ምዕራብ የሚገኝ ሰፈር ነው። በአርግዊንግስ ኮዴክ መንገድ የሚያልፍ የአገራችን ሰው እንጀራ የሚቀርብበት ቤትና አማርኛ የሚናገር ነጋዴ ስለማያጣ ስፍራው ብዙም እንግዳ አይሆንበትም። የሰፈሩ ስም ግን ከተኩስ ጋራ የቆየ ዝምድና ያለው መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ይህንኑ ስም የያዘው የለንደኑ ሁርሊንግሃም ክበብ በ1869 ሲቋቋም የአባላቱ ዋና ጨዋታ በሕይወት ያለ ርግብ እያስለቀቁ መተኮስ ነበር፤ ልማዱም እስከ 1905 ድረስ ቆይቷል። (የሕግ ቍጥሮች ካልሆኑ በቀር በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እንግሊዞች ወደ ምሥራቅ አፍሪካ በመጡ ጊዜ ግን ፊት ለፊት ያገኙት ርግብ ሳይሆን ጎሽና ዝሆን፤ አውራሪስና አንበሳ ነበር። ለርግብ የሚበቃው መሣሪያ ለጎሽ አልበቃም፤ ስለዚህም «የትኛው ጥይት ለየትኛው አውሬ ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ በዚያች ከተማ ከሰባ ዓመት በላይ ሲመረመር ኖረ።

ናይሮቢ በ1899 የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ሰፈር ሆና ከተቈረቈረች በኋላ ብዙ ሳትቈይ የአዳኞች መነሻ ሆነች። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1909 ወደዚያ አገር ለአደን ሲሄዱ ዋና ዋናዎቹ ጠመንጃዎቻቸው ሦስት ነበሩ፤ ይኸውም ለዝሆንና ለአውራሪስ የሚሆን የሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ባለሁለት አፈሙዝ፤ ለአንበሳ የሚሆን የ405 ዊንቸስተር፤ እንዲሁም ለአጋዘንና ለድኩላ ወገን የሚሆን ስፕሪንግፊልድ ነው። ይህም የባለጸግነት ማሳያ ብቻ አልነበረም፤ አንድ ጥይት ለአውሬ ሁሉ እንደማይበቃ የተረዳ ሰው ዝግጅት ነበር። በ1934 በናይሮቢ በኖርፎክ ሆቴል የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ ባለሙያ አዳኞች ማኅበርም፤ በ1977 እስኪፈርስ ድረስ፤ አባላቱን ያስጠነቅቅ የነበረው ቁስለኛ አውሬ በጫካ ትቶ መሄድ ታላቅ ነውር መሆኑን ነው።

ዛሬ ይህ ጥያቄ በአዲስ መልክ ተነሥቷል። ምክንያቱም ራሱን የሚያጎርስ ጠመንጃ፤ ማለት ምላጩ በተሳበ ቍጥር አንዲት ጥይት ብቻ ተኵሶ ባዶውን ቀለህ ራሱ የሚያወጣና ሌላውን ጥይት ራሱ የሚያስገባ መሣሪያ፤ በአዳኞች ዘንድ እየተለመደ ስለ ሄደ ነው። ለዚሁ ጠመንጃ ተብለው የተሠሩ አፈሙዘ ሰፊ ጥይቶችም በገበያ በዝተዋል። ሻጩ «ይህ እኮ ከጎሽ ጥይት ጋራ እኩል ስፋት አለው!» ሲል፤ ገዢው በቍጥሩ ይረካል፤ ፈቃድ ሰጪውም ባለሥልጣን ቍጥሩን ብቻ አይቶ ይፈርማል። አደጋው የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ቍጥሩ የሚናገረውና የማይናገረው

በመጀመሪያ ስለ ቍጥሩ ትርጓሜ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። እንግሊዞችና አሜሪካውያን የጥይትን ስፋት፤ ወይም በእኛ አገር ብዙዎች ካሊብሮ የሚሉትን፤ በኢንች ክፍልፋይ ሲጽፉ፤ ጀርመኖችና ኢጣልያኖች ግን በሚሊ ሜትር ይጽፋሉ። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ፤ 338 የሚለው 8.6 ሚሊ ሜትር፤ 375 የሚለው 9.5 ሚሊ ሜትር፤ 416 የሚለው 10.6 ሚሊ ሜትር፤ 458 የሚለው 11.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ ቍጥር የሚነግረን አረሩ ምን ያህል እንደሚሰፋ ነው እንጂ፤ ምን ያህል እንደሚከብድ፤ ምን ያህል እንደሚፈጥንና ቀለሁ ምን ያህል ባሩድ እንደሚይዝ አይደለም።

በዚህም የተነሣ በቍጥር አንድ የሆኑ በግብር ግን ፈጽመው የማይመሳሰሉ ጥይቶች አሉ። በ1956 የወጣው 458 ዊንቸስተር ማግነምና ከብዙ ዘመን በኋላ ለቀላል ጠመንጃ የተሠራው 458 ሶኮም የአረራቸው ስፋት አንድ ነው፤ ይሁን እንጂ የቀለሃቸው ርዝመትና ቅርጽ የተለያየ ስለ ሆነ አንዱ በሌላው ጠመንጃ ውስጥ አይገባም፤ ጉልበታቸውም አይቀራረብም። እንደዚሁም በ1911 የተሠራው 416 ሪግቢና በ1988 የወጣው 416 ሬሚንግተን ስማቸው ይቀራረባል እንጂ አይለዋወጡም። ስለዚህ በጉምሩክ መዝገብም ሆነ በነጋዴ ደረሰኝ ላይ «የ458 ጥይት» ብሎ ብቻ መጻፍ ምንም እንዳለመጻፍ ይቈጠራል። ሙሉው ስም እስከ ሠሪው መጠሪያ ድረስ ሊጻፍ ይገባል።

ስፋትና ጉልበት

ስፋት ብቻውን ጉልበት እንዳልሆነ ለማስረዳት ከሩቅ አገር ምሳሌ መፈለግ አያስፈልግም። አባቶቻችን በ1896 በዓድዋ ከታጠቋቸው መሣሪያዎች አንዱ ውጅግራ ነበር፤ ስሙም «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው። የውጅግራ አረር 11 ሚሊ ሜትር ሰፍቶ 25 ግራም ይመዝን ነበር፤ ከአፈሙዝ ሲወጣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ስለ ሆነ ጉልበቱ 2500 ጁል ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው 7 ሚሊ ሜትሩ ማውዘር በስፋት እጅግ ቢያንስም ጉልበቱ ከውጅግራ አይተናነስም፤ እንዲያውም ይበልጣል። ጢስ አልባው ባሩድ የጥይትን ነገር ከሥሩ ለውጦታልና።

አሁን ወደ ዘመናችን እንመለስ። በ2007 የወጣው 450 ቡሽማስተር የተባለው ጥይት በአምስት ነጥብ አምስት ስድስት ሚሊ ሜትር ልክ በተሠራ ቀላል ጠመንጃ አካል ውስጥ እንዲገባ የታሰበ ነው። ስለዚህ ርዝመቱ ከአረሩ ጫፍ እስከ ቀለሁ መቀመጫ ከ58 ሚሊ ሜትር ማለፍ አልቻለም። 16.2 ግራም የሚመዝነውን አረር በሴኮንድ 670 ሜትር ያህል ስለሚያስወነጭፍ ጉልበቱ 3600 ጁል ገደማ ነው። ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ በ1912 ያወጣው 375 ማግነም ግን በስፋቱ ከዚህ በ2 ሚሊ ሜትር ያህል ቢያንስም፤ ርዝመቱ 91 ሚሊ ሜትር ሆኖ ብዙ ባሩድ ስለሚይዝ 19.4 ግራም አረር በሴኮንድ 770 ሜትር ያህል ይተኵሳል፤ ጉልበቱም ከ5700 ጁል በላይ ነው። 458 ዊንቸስተር ደግሞ 32.4 ግራም አረር በሴኮንድ 640 ሜትር ያህል እየላከ 6600 ጁል ይደርሳል። እንግዲህ ሰፊውና አጭሩ አዲስ ጥይት በጉልበቱ ለ458 ሳይሆን ለአያቶቻችን ውጅግራ ይቀርባል ማለት ነው።

ከጉልበትም በላይ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የአረሩ ክብደት ለስፋቱ ሲካፈል የሚገኘው ነው። አረር በአውሬ ሥጋና አጥንት ውስጥ ጠልቆ የሚሄደው ከፊቱ ስፋት ይልቅ ከኋላው ያለው ክብደት ሲገፋው ነው። ሒሳቡን ብንሠራ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር ፊት ላይ 450 ቡሽማስተር 0.16 ግራም፤ 375 ማግነም 0.27 ግራም፤ 458 ዊንቸስተር 0.30 ግራም ክብደት ያርፋል። የመጀመሪያው ሰፊ ቁስል አቍስሎ በትከሻ ላይ የሚቆም፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው አጥንት ሰብሮ እስከ ልብና ሳንባ የሚዘልቅ ነው።

ዋልተር ቤል የተባለው ስኮትላንዳዊ በካራሞጃና በአገራችን ምዕራባዊ ወሰን በጌሎ ወንዝ አካባቢ ሲያድን አብዛኛውን ዝሆን የገደለው በ7 ሚሊ ሜትር ጥይት መሆኑ ብዙዎችን ሲያስገርም ኖሯል። የጥይቱ አረር 11.2 ግራም ነበር፤ ይህም በካሬ ሚሊ ሜትር 0.27 ግራም፤ ማለት ከ375 ማግነም ጋራ እኩል ነው። ቤል ሙሉ ሽፋን ያለውን አረር ብቻ ይጠቀም ነበር፤ የዝሆንንም ራስ ቅል እየሰነጠቀ አእምሮው በየት በኩል እንደሚገኝ አጥንቶ ነበር። ይህ የሚያስተምረን ትንሽ ጥይት ይበቃል ብለን እንድንደፍር አይደለም፤ እንደ ቤል የሚተኵስ በሺህ አንድ አይገኝምና። የሚያስተምረን ዘልቆ የሚገባ አረርና ዐዋቂ ተኳሽ ከስፋት የሚበልጡ መሆናቸውን ነው።

ራሱን የሚያጎርስ ጠመንጃ ጠባይ

እጅ በሚስበው መዝጊያ የሚሠራ ጠመንጃ ብዙ ነገር ይታገሣል፤ ራሱን የሚያጎርሰው ግን በጥይት ረገድ ጭምት ነው። ይህን ጠመንጃ የሚያንቀሳቅሰው ራሱ ጥይቱ ነውና ጥይቱ ከልክ ቢያንስ መዝጊያው በሙሉ አይመለስም፤ ከልክ ቢበዛ ብረቱን እየደበደበ ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

አሠራሩም ሦስት ዐይነት ነው። በመጀመሪያ፤ መዝጊያው ሳይቈለፍ በራሱ ክብደት ብቻ ጥይቱን የሚመክት አለ። የ1910 ዊንቸስተር በዚህ መንገድ ተሠርቶ የ401 ጥይት ይተኵስ ነበር፤ ነገር ግን የ2700 ጁል ያህል ጉልበት ለመመከት ከባድ ብረት መሸከም ግድ ሆኖበታል። ሁለተኛው፤ ጆን ብራውኒንግ ፈልስፎት ሬሚንግተን ከ1906 ጀምሮ የሸጠው፤ አፈሙዙ ራሱ ከመዝጊያው ጋራ ወደ ኋላ ተንሸራቶ የሚመለስበት ነው። ሦስተኛውና ዛሬ የተለመደው ከባሩዱ ጋዝ ጥቂቱ በአፈሙዙ ጎን ባለ ቀዳዳ ወጥቶ ዘንግ እየገፋ የተቈለፈውን መዝጊያ የሚከፍትበት ነው። በቤልጅግ አገር በኤርስታል ከተማ በሚገኘው ፋብሪካ የተሠራውና በ1967 የወጣው ብራውኒንግ «ባር» የአደን ጠመንጃ የዚህ ወገን ነው። የጋዙ ሥራ የሰደፉን ምት በጥቂቱ ስለሚያለዝበው ብዙዎች ይወዱታል።

ከዚህ ተነሥቶ የጥይት ምርጫው ይጠባል። የጥንቶቹ የእንግሊዝ ጥይቶች፤ እንደ 470 ያሉት፤ ከቀለሃቸው ሥር ወጣ ያለ ከንፈር አላቸው፤ ለባለሁለት አፈሙዝ መልካም ሆኖ ሳለ በካዝና ውስጥ ተደራርቦ ሲገባ ይጠላለፋል። እንደ 416 ሪግቢ ያሉት ደግሞ በሞቃት አገር የባሩዱ ግፊት እንዳይበዛ ሲባል ሰፊና ረዥም ቀለህ ተሰጥቷቸዋል፤ ስለዚህ በተለመደው ራሱን በሚያጎርስ ጠመንጃ አካል ውስጥ አይገቡም። የአረሩም ጫፍ ነገር አለ፤ ጫፉ ደልደል ያለና ለስላሳ እርሳስ የሆነ አረር ከካዝና ወደ አፈሙዝ ሲወጣ መሰናከል ይወዳል። ስለዚህ ከፋብሪካ በብዛት የሚወጡት ራሳቸውን የሚያጎርሱ የአደን ጠመንጃዎች በላይኛው ወሰናቸው የሚደርሱት በ1958 እስከ ወጣው 338 ዊንቸስተር ማግነምና ኦቶ ቦክ የተባለው ጀርመናዊ በ1905 ለአፍሪካ ሰፋሪዎች እስካዘጋጀው 9.3 በ62 ጥይት ድረስ ነው። ይህ ሁለተኛው 18.5 ግራም አረር ይዞ ወደ 4900 ጁል የሚጠጋ ጉልበት ስላለውና ቀለሁ ከተለመደው ጠመንጃ ጋራ ስለሚስማማ እስከ ዛሬ ድረስ በአውሮፓ ለዱር ዐሳማ አደን ይፈለጋል።

ለየትኛው አውሬ የትኛው ጥይት?

በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚገኘው የደጋ አጋዘን ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ቢመዝንም ቆዳው ስስ ነው፤ የሚታየውም ብዙ ጊዜ ከሸለቆ ማዶ ነው። ለእርሱ የሚያስፈልገው ሩቅ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ጥይት ስለ ሆነ 7 ሚሊ ሜትር ሬሚንግተን ማግነም ወይም 300 ዊንቸስተር ማግነም ይበቃል፤ ሁለቱም ራሱን በሚያጎርሰው ብራውኒንግ ይተኰሳሉ። ለእርሱ ከዚህ የሰፋ ጥይት መያዝ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው፤ የሰደፉን ምት ብቻ ያበዛል፤ ምቱን የፈራ ተኳሽ ደግሞ ምላጩን ሲስብ ዐይኑን ይጨፍናል። ለቆርኬ፤ ለሳላና ለከርከሮም ነገሩ ይኸው ነው። ቁጥቋጦ ውስጥ በቅርብ ለሚተኰስ ከርከሮና ዐሳማ 9.3 በ62፤ ወይም አጭሩና ሰፊው አዲስ ጥይት መልካም ያገለግላል፤ የተሠራበትም ዓላማ ይኸው ነውና።

ጎሽ ግን ሌላ ነገር ነው። ከ600 ኪሎ በላይ የሚመዝን ወንድ ጎሽ ትከሻው ወፍራም አጥንት፤ ቆዳውም ድርብ ነው፤ ቈስሎ ሲሸሽ ወደ ገባበት ጥሻ የሚከተለውን ሰው ዞሮ መጠበቅ ልማዱ ነው። ለእርሱ የ375 ማግነም መነሻው እንጂ መጨረሻው አይደለም። ፈጥኖ የሚደጋግም ጠመንጃ ይዤአለሁና አንዱ ቢስት ሌላው ይመታል የሚል አዳኝም ይሳሳታል። ሦስት ደካማ ቁስል አንድ ብርቱ ቁስል አይሆንም፤ አስቀድሞ የተተኰሰው ነው ነገሩን የሚወስነው። የቀድሞዎቹ የናይሮቢ ባለሙያዎች ባለሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ የመረጡት ሁለተኛዋን ጥይት በፍጥነት ለማግኘት ነው፤ ዳሩ ግን ሁለቱም ጥይቶች ለጎሽ የሚበቁ ነበሩ። ስለዚህ ለጎሽ የወጣ ሰው ራሱን የሚያጎርሰውን ጠመንጃ ትቶ በእጅ የሚሳብ መዝጊያ ያለው 375 ወይም 416 ቢይዝ ይሻለዋል።

ይህንንም የምንለው ለአዳኙ ሕይወት ብቻ በመሳሳት አይደለም። አዳኙ ከመኪናው ተቀምጦ ወደ ከተማው ይመለሳል። የቈሰለው ጎሽ ግን በጥሻው ይቀራል፤ በማግሥቱም በዚያ መንገድ የሚያልፈው እንጨት የምትለቅም ሴት ወይም ከብት የሚነዳ ልጅ ነው። ጠመንጃና ጥይቱን የመረጠው ሰው የማያውቀው ሌላ ሰው የምርጫውን ዋጋ ይከፍላል።

የሕግ ነገር

አስተዳዳሪዎች በጥይት ነገር ላይ ያላቸው ሥልጣን ትንሽ አይደለም። በ1907 የእንግሊዝ መንግሥት በሕንድና በሱዳን የ450 ጥይት እንዳይገባ በከለከለ ጊዜ፤ ዓላማው በዐመፀኞች እጅ ለሚገኙት የቆዩ ማርቲኒ ጠመንጃዎች ጥይት እንዳይገኝ ነበር፤ ውጤቱ ግን የለንደን ሠሪዎች 465፤ 470ና 475 የሚባሉትን አዳዲስ ጥይቶች እንዲያወጡ ሆነ። ስፋትን ብቻ የሚከለክል ሕግ በስፋት ጥቂት ተለውጦ ይታለፋል ማለት ነው።

የዝምባብዌ ሕግ በዚህ ረገድ የተሻለ ምሳሌ ነው። ለዝሆን፤ ለጎሽና ለጉማሬ አደን የአረሩ ስፋት ከ9.2 ሚሊ ሜትር፤ ጉልበቱም ከ5300 ጁል እንዳያንስ ሁለቱንም በአንድነት ይጠይቃል። በዚህ ሚዛን 450 ቡሽማስተር በስፋቱ ሲያልፍ በጉልበቱ ይወድቃል፤ 338 ማግነም በስፋቱ ይወድቃል፤ 9.3 በ62 በስፋቱ አልፎ በተለመደው አጐራረሱ በጉልበት ይጐድላል፤ 375 ማግነም ግን ሁለቱንም ያሟላል። ፈቃድ የሚሰጥ ባለሥልጣን አንድ ቍጥር ሳይሆን ሁለት ቍጥር እንዲጠይቅ ይህ በቂ ትምህርት ነው። እንዲሁም በ1968 በአልጀርስ የተፈረመው የአፍሪካ የተፈጥሮ ሀብት ስምምነት ምላጩ አንድ ጊዜ ሲሳብ ከአንድ በላይ ጥይት የሚተኵስ መሣሪያ ለአደን እንዳይውል ይላል። ይህ ስለ መትረየስ ወገን የተነገረ ነው እንጂ አንድ በአንድ ስለሚተኵሰው አይደለም፤ ሆኖም የየአገሩ ሕግ ከዚህ ሊጠብቅ ስለሚችል፤ ጠመንጃው ከመገዛቱ በፊት መጠየቅ ያሻል።

በኬንያ ራስዋ አደን በ1977 ፈጽሞ ተከልክሏል፤ በማግሥቱም ዓመት በአውሬ ቆዳና ቀንድ መነገድ ታግዷል። ስለዚህ በሁርሊንግሃም የሚኖር ወገናችን ለአደን የሚሆን ጠመንጃ ቢመኝ የሚያድንበት ስፍራ ከኬንያ ወሰን ውጭ ነው። በኢትዮጵያ በፈቃድ የሚደረግ አደን በዱር እንስሳት ዐዋጅ ሥር የሚተዳደር ሲሆን፤ መሣሪያውን የሚመለከተው ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር ዐዋጅ ቍጥር 1177/2012 ነው። ከናይሮቢ ወይም ከሌላ ከተማ መሣሪያ ገዝቶ ወደ ወደብና ወደ ኬላ ከመድረስ በፊት የሁለቱንም አገር ፈቃድ መያዝ ለነጋዴው የሚበጅ ነው፤ በጉምሩክ የተያዘ ጠመንጃ ዋጋው በየቀኑ ይቀንሳልና።

እንግዲህ የምርጫው ቅደም ተከተል ይህ ነው። በመጀመሪያ ሕጉን፤ ቀጥሎ አውሬውን፤ ከዚያ አረሩን፤ ከዚያ ጥይቱን፤ በመጨረሻ ጠመንጃውን መምረጥ። ብዙ ሰው ግን ከኋላ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ያማረ ጠመንጃ አይቶ ይገዛል፤ ጥይቱን በኋላ ይፈልጋል፤ አውሬውንም ከጥይቱ ጋራ ያስማማል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት አባቶቻችን ስለ ጥምጥም ብቻ አልተናገሩም። ነጋዴ ሲሸጥ የአረሩን ክብደትና ጉልበት ለገዢው ይንገር፤ ባለሥልጣንም ሲፈቅድ ይህንኑ በፈቃዱ ወረቀት ላይ ያስጽፍ። ጥቂት መስመር ጽሑፍ አንድ ቁስለኛ ጎሽ ከመንገድ ካስቀረ ድካሙ በከንቱ አልሆነም።